ስሜን ተራ እየጠበቀ ነው

ይድረስ፦ ለቱሪዝም ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን
ጉዳዩ፦ እንግዳ በማይመጣበት ጊዜ የስሜን ተራሮችን ስለሚጠብቁ ሰዎች

ጤና ይስጥልኝ።

እኛ የስሜን ተራሮች ፓርክ መግቢያ በሆነችው ደባርቅ ከተማ በተራ ደብተር የምንተዳደር ሰዎች ነን። አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ ምግብ አብሳዩ፣ ስካውት የምንለው እንግዳውን የሚከተል ጠባቂ፣ ሁሉም በተራ ነው የሚሠራው። እንግዳ ሲመጣ ከላይ ያለው ስም ይጠራል። ሠርቶ ሲመለስ ስሙ ከታች ይገባል። ማንም ማንንም አይቀድምም። ይህ አሠራር ብዙ ጠብ አስቀርቶልናል።

በደጉ ጊዜ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ከተራራ ወርጄ ጫማዬ ሳይደርቅ ተራዬ ይመለስ ነበር። እናቴ «አንተስ ለገዛ ቤትህ እንግዳ ሆንክ» ትለኝ ነበር። አሁን ስሜ ደብተሩ ላይ ካለበት ሳይነቃነቅ ወራት ያልፋሉ። አንድ በቅሎ አከራይ ጎረቤቴ ባለፈው ክረምት ከሁለት በቅሎዎቹ አንዷን ሸጠ። ተራህ ሲደርስ በምን ልትጭን ነው ብዬ ጠየቅሁት። «ያኔ እግዜር ያውቃል» አለኝ።

ደብዳቤውን የምጽፈው ለእሱና ለመሰሎቹ ነው። ለተራራውም ነው። እኔ ሁለቱን ለያይቼ ማየት አልቻልኩም።

ይህን የሚያነብ ሁሉ ስሜንን ላያውቅ ስለሚችል ትንሽ ልበል። ስሜን ለአገራችን ታሪክ ዳር ሆኖ አያውቅም። ደጃዝማች ውቤ ይገዛ የነበረው ከዚህ ነው። ለራሱ ንግሥ ብሎ ያሠራት ደረስጌ ማርያም ውስጥ ግን ዘውድ የጫነው እሱ አይደለም። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ውቤን እዚያው ደረስጌ ላይ ድል የነሳው ካሳ ኃይሉ ነገሠባት። አፄ ቴዎድሮስ የተባለው ያኔ ነው። ይህን ታሪክ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ደረስጌን ረግጦ ያየው ግን ከዚያም ያነሰ ነው። እኔ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ወደዚያ የወሰድኩት ያገሬ ሰው በጣት ይቆጠራል።

አብዛኛው እንግዳ የሚመጣው ለገደሉ ነው። እሜት ጎጎ ጫፍ ላይ፣ ከ3,900 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ቆሞ ወደ ታች ያየ ሰው መጀመሪያ ዝም ይላል። ሁሌም እንዲህ ነው፤ የሚያወራ አጋጥሞኝ አያውቅም። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ካደሩበት ገደል አፋፍ ወጥተው ሣር ይነጫሉ። ሰው አጠገባቸው ቢያልፍ ቀና ብለው አያዩም። ጨነቅ በሚባለው ቦታ ዋልያ አለ። ይህ እንስሳ በዓለም ላይ ከእኛ ተራራ በቀር መኖሪያ የለውም። ዕድል የቀናው ቀይ ቀበሮ ያያል። ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ሜዳው ላይ እንደ ሰው ቆሞ ይጠብቅሃል። ጦስኙን ስትረግጠው አገሩ ሁሉ ይሸታል። ከላይ ደግሞ አጥንት ተሸክሞ ወጥቶ ድንጋይ ላይ እየጣለ የሚሰብረው አሞራ ያንዣብባል። ከፊት ራስ ደጀን አለ፤ ከ4,500 ሜትር በላይ፣ የኢትዮጵያ ጣሪያ።

ስሜን በ1962 ዓ.ም. በሕግ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ1970 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገቡን ሲጀምር 12 ቦታዎችን ብቻ ነበር ያሰፈረው። ከአሥራ ሁለቱ ሁለቱ የእኛ ናቸው፤ ላሊበላና ስሜን። የአሜሪካው የሎውስቶንና የኢኳዶሩ ጋላፓጎስ የተመዘገቡት በዚያው ቀን ከእኛ ጋር ነው። እኔ ይህን የሰማሁት አስጎብኚ ሆኜ ከሠራሁ በኋላ፣ ከአንድ የውጭ አገር እንግዳ ነው። ያገሬን ወግ ሰው ነገረኝ። እስካሁን ይቆጨኛል።

መዝገቡ ላይ ስንሰፍር ግን ተራራው ሰላም አልነበረም። ከ1967 እስከ 1969 ዓ.ም. የፓርኩ ኃላፊ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ሐንስ ሁርኒ ነው። ከእሱ በኋላ ጦርነቱ እየሰፋ መጣ። ጠባቂዎቹ ወረዱ። ካምፖቹ ፈረሱ። እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ፓርኩ ስሙ ብቻ ቀረ ማለት ይቻላል። አባቴ ያንን ዘመን ሲያነሳ «ተራራው ባለቤት ያጣ ጊዜ» ይለዋል። ዋልያ ታደነ። አስታ የሚባለው ዛፍ ተቆረጠ። የሚታረስ የማይመስለው ዳገት ታረሰ። የቆረጠውም ያረሰውም የተራበ ሰው ነው፤ ቁም የሚለው ደግሞ አልነበረም።

ያ ጉዳት ለመጠገን ምን ያህል ጊዜ እንደወሰደ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በ1989 ዓ.ም. ዩኔስኮ ስሜንን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። የወጣነው በ2009 ዓ.ም. ነው። ሃያ ዓመት። በእነዚህ ዓመታት የፓርኩ ክልል ሰፍቶ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆነ። ሕዝቡ የግጦሽ መሬቱን ለቀቀ። ግጭ የምትባል አንዲት ሙሉ መንደር ደግሞ ተነሣች።

ስለ ግጭ ረጋ ብዬ ልናገር። ብዙ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፏታልና።

ግጭ ከሳንቃበር ካምፕ ወዲያ፣ ከፍ ያለው ሜዳ ላይ የነበረች መንደር ናት። ሰዎቿ ገብስ ይዘራሉ፣ ከብትና በግ ያረባሉ። እንግዳ ይዤ ስሄድ ቡና የማያፈላልኝ ቤት አልነበረም። ብርዱ አጥንት ሲሰብር ምድጃቸው ዳር ያሞቁኝ ሰዎች ናቸው። እዚያ የነበረች አንዲት እናት የእኔን ስም ረስታ «የፈረንጁ ልጅ» ትለኝ ነበር፤ ሁሌ ከፈረንጅ ጋር ስለምመጣ። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ አባወራ ካሳ ተሰጥቶት ወደ ደባርቅ ወረደ። ግጭ ባዶ ሆነች። ከዚያ በኋላ ሜዳው ማገገሙን በዓይኔ አይቻለሁ። ጓሳ ሣሩ ተመልሷል፤ ጭላዳውም ወርዶ ይግጣል። ይህን መካድ አልችልም፤ መልካም ሆኗል።

ግን ዋጋውን የከፈለው ማን እንደሆነ አትርሱ። ገብስ ከመዝራት ሌላ የማያውቅ አዛውንት ከተማ ገብቶ ነጋዴ አይሆንም። የካሳው ገንዘብ ቤት ሠራ፣ ልጅ ዳረ፣ አለቀ። ልጆቻቸው ተስፋ ያደረጉት በቱሪስቱ ነበር። እነሱም ደብተሩ ላይ ስማቸውን አስመዘገቡ፤ በበቅሎ፣ በምግብ ረዳትነት፣ በሸክም። «አገራችሁን ልቀቁ፣ ፓርኩ ይመግባችኋል» ተብለው ነው የወረዱት። ስሜን ከአደጋው ዝርዝር የወጣው እነሱ በወረዱ በዓመቱ ነው። ከዚያ ደግሞ ቱሪስቱ ቀረ።

እንዴት እንደቀረ ሁላችንም እናውቃለን። በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ አካባቢ ግጭና እሜት ጎጎ በኩል እሳት ተነሣ። ሕዝቡ በቅጠልና በአፈር ታገለው። እኔም ነበርኩ፤ ቅንድቤ ተቃጥሎ ነው የተመለስኩት። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው አገዙን። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ደጃችን ደረሰ፤ ደባርቅ በተፈናቃይ ተሞላች። ያ ጋብ አለ ስንል በ2015 ዓ.ም. ክረምት ክልሉ እንደገና ወደ ግጭት ገባ። ስለ ፖለቲካው የምለው የለም፤ ደብዳቤዬ ለዚያ አይደለም። አንድ ወጣት አስጎብኚ ፈቃዱን ይዞ ሥራ ከጀመረ ጀምሮ አንድም ደህና የሥራ ወቅት አላየም ለማለት ነው።

ደጉን ጊዜ ላላየው ልንገረው። አራት እንግዳ ለአምስት ቀን ተራራ ቢወጣ አንድ አስጎብኚ፣ አንድ ስካውት፣ አንድ ምግብ አብሳይ ከነረዳቱ፣ ከበቅሎዎቻቸው ጋር አራት አምስት ሰው አብሮ ይወጣል። ይህ ተራራው ላይ ያለው ነው። ታች እንቁላል የሸጠች አለች፣ ዳቦ የጋገረ አለ፣ ድንኳንና ፍራሽ የሚያከራይ አለ፣ መኪና የያዘ አለ። 3,260 ሜትር ላይ በአፍሪካ ከፍተኛው ሆቴል የሚባል ሎጅ ተከፍቶ ነበርና እዚያ ተቀጥሮ እህት ወንድሙን ያስተማረ ብዙ ነው። ከጎንደር ፋሲል ግንብን አይቶ የሚመለስ የነበረው ሁሉ 100 ኪሎ ሜትሩን ነድቶ ወደ እኛ ይመጣ ጀመር። የእኔ ታናሽ እህት ነርስ የሆነችው በተራራው ገንዘብ ነው። በየቤቱ እንዲህ ያለ ታሪክ አለ።

ያኔ ተራራውን ማን ይጠብቀው ነበር? ስካውቶቹ ብቻ አልነበሩም። እኛ ሁላችን ነበርን። አስታ የሚቆርጥ ሰው ስናይ ዝም አንልም ነበር። የሚቆርጠው የአጎታችን ልጅ ቢሆንም። በቅሎ አከራዩ ዋልያ የሚያሳድድ ውሻ ቢያይ ድንጋይ ይወረውር ነበር። እንግዳው የሚመጣው ለዋልያው ነው፤ ዋልያው ከሌለ በቅሎው ሥራ ፈት ነው። ይህን ማንም አላስተማረንም። ኪሳችን አስተማረን፤ ከዚያ ደግሞ ልባችን ወደደው።

አሁን ያው ሰው ማገዶ ሊቆርጥ ሲወጣ መንገድ ላይ እናገኘዋለን። ምን ልበለው? ልጆቹን አውቃቸዋለሁ። እኔም ብሆን ስንት ጊዜ መጥረቢያ ይዤ ከቤቴ ወጥቼ እንደተመለስኩ ራሴ ነኝ የማውቀው። አልቆረጥኩም። የማልቆርጠው ግን ስለተሻልኩ አይደለም፤ እህቴ ደመወዝ ስላላት ነው። ባለፈው ዓመት ጨነቅ ላይ ሁለት ቀን አድሬ የዋልያ መንጋ ፈለግሁ። ድሮ ከድንኳን ደጃፍ አያቸው ነበር፤ አሁን ሦስት ሴቶችና አንድ ግልገል ብቻ ከሩቅ አይቼ ወረድኩ። ይህ የአንድ ሰው ዕይታ ነው፤ ቆጠራ አይደለም። ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል።

አባቴ «ባለቤት ያጣ ጊዜ» የሚለው ዳግመኛ እየመጣ ነው ብዬ እፈራለሁ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ዋናው ነገር ይህ ነው። እንግዳ በሌለበት ወቅት በተራራው ላይ የሚኖሩትንና ከተራራው የሚኖሩትን ሰዎች ቅጠሯቸው። ደብተሩ አለ። ስሞቹ አሉ። ተራው አለ። እንግዳ ሲጠፋ ያው ተራ ለጥበቃ ይዋል። መንገዶቹ በዝናብ ተሸርሽረዋል፤ የሚጠግን ያስፈልጋል። ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ ያሉት ካምፖች መጸዳጃቸው ሳይቀር እድሳት ይፈልጋል። የእሳት መከላከያ መስመር በበጋ መጠረግ አለበት፤ 2011ን ያየ ሰው ይህን አይከራከርም። ዋልያ መቆጠር አለበት፤ ከእኛ የተሻለ የዋልያን መሄጃ የሚያውቅ ማን አለ? ለአንድ አስጎብኚ በወር አሥር ቀን እንዲህ ያለ ሥራ ቢሰጠው ማገዶ አይቆርጥም፣ በቅሎውንም አይሸጥም። እንግዳው ሲመለስ ደግሞ ባለሙያው ሳይበተን ይጠብቀዋል። ምክንያቱም ሌላም የሚያስፈራኝ ነገር አለ፤ ጥሩዎቹ አስጎብኚዎች እየሄዱ ነው። አንዱ አዲስ አበባ ራይድ ይነዳል። አንዱ ተሰድዷል። ጭላዳን በድምፁ ለይቶ የሚናገረውን ሰው በስድስት ወር ሥልጠና አትተኩትም።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ትሉኝ ይሆናል። ከራሱ ከፓርኩ። እንግዳ በሚበዛበት ዓመት ከመግቢያ ክፍያው ድርሻ እየተቀነሰ ለክፉ ቀን ይቀመጥ። ገበሬ ጎተራ አለው። ጥጋብ ባለበት ዓመት ያስገባል፣ በድርቅ ያወጣል። የስሜን ቱሪዝም ግን በደጉ ጊዜ ጎተራ አልሠራም። እኛም አልሠራንም፤ ጥፋቱ የጋራ ነው። አሁን ባዶ ስለሆነ ለመጀመሪያው ዓመት የመንግሥት በጀት ወይም የለጋሽ እጅ ያስፈልገዋል። ከዚያ በኋላ ራሱን ይችላል። አስተዳደሩ ውስጥ ግን ከደብተሩ ሰዎች ይግቡበት፤ ከግጭ የተነሡትም ይግቡበት። ሒሳቡም ደባርቅ አደባባይ ላይ ይለጠፍ።

ይህን የምለው ቂም ይዤ አይደለም፤ ግን አንድ የደረሰብኝን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ጠርቶን ሦስት ቀን አዳራሽ ውስጥ ተቀመጥን። ስለ ኅብረተሰብ ተሳትፎ አወራን። ልክ ይህንኑ የመጠባበቂያ ገንዘብ ሐሳብ እኛው አነሣን፤ ወረቀት ላይ ጻፉት። ፎቶ ተነሣን። የውሎ አበል ፈረምን። ከዚያ ወዲያ ያንን ወረቀት ያየ የለም። ስንጠይቅ «ሰውየው ተቀይሯል» ተባልን። ስለዚህ እባካችሁ ሌላ ስብሰባ አትጥሩን። ሐሳቡ ተሰብስቦ አልቋል።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ገንዘብ አይፈልግም። በሳምንት ሁለት ሦስት ሰው ይደውልልኛል። አንዳንዱ ከአዲስ አበባ፣ አንዳንዱ ከውጭ። ጥያቄው አንድ ነው፤ «መንገዱ ክፍት ነው? ሰላም ነው?» የምመልሰው በራሴ ግምት ነው። ጠዋት ሹፌሮችን ጠይቄ፣ ከሰዓት ደግሞ ሌላ ሰምቼ። የሰው ሕይወት በእኔ ግምት ላይ መንጠልጠሉ ያስጨንቀኛል። «ኑ» ብል እፈራለሁ፤ «አትምጡ» ብል የጎረቤቴን እንጀራ እቆርጣለሁ። በየሳምንቱ ስለ ጎንደር፣ ደባርቅና ሳንቃበር መንገድ እውነቱን የሚናገር፣ ስሙን ጽፎ የሚፈርም አንድ የመንግሥት አካል ይኑር። ዝግ ሲሆን ዝግ ነው ይበል። እንግዳ «ዝግ ነው» የሚለውን ካመነ «ተከፈተ» የሚለውንም ያምናል።

ስለ መንገድ ከተነሣ አይቀር፣ ፓርኩን ሰንጥቆ በጃናሞራ ወረዳ ወዳለችው መካነ ብርሃን የሚያልፈው የመኪና መንገድ ዋልያው ባለበት ነው የሚሄደው። ከፓርኩ ውጪ የሚዞር መንገድ ሲባል ስንት ጊዜ ሰምተናል። የጃናሞራ ሰው መንገድ ያስፈልገዋል፤ እናቶች ሆስፒታል መድረስ አለባቸው። ዋልያውም ዕረፍት ያስፈልገዋል። ሁለቱም የሚሆነው ተለዋጩ መንገድ ሲያልቅ ነው።

ሌላው ያገር ሰው ነው። ጎርጎራ ላይ፣ ወንጪ ላይ የተሠራውን አይተናል፤ ያማረ ነው፤ ያገራችን ሰው መዝናናት መልመዱ ደስ ይለናል። ግን ስሜን ሲነሣ አሁንም ሁሉም የሚያስበው ፈረንጅ ነው። የፈረንጅ ወቅት፣ የፈረንጅ ዋጋ፣ የፈረንጅ ምግብ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንድ ሌሊት ሳንቃበር አድሮ ጭላዳ አይቶ የሚመለስበት ርካሽ ጉዞ ብናዘጋጅ መንገዱ ሰላም በሆነ ሳምንት ሁሉ ሥራ አለን። የደባርቅ ልጅ ራሱ ዋልያን የሚያውቀው በብሔራዊ ቡድኑ ስም ነው። አንድ ቀን የሰፈሬን ልጆች ቡይት ራስ ድረስ በእግር ወሰድኳቸው። አንዷ የስምንት ዓመት ልጅ ገደሉ ጫፍ ቆማ ካየች በኋላ «ይሄ የኛ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ታዲያ ለምን ማንም አልነገረኝም?» አለች። ቤቷ ከዚያ ሩቅ አይደለም።

ይህን ደብዳቤ ለማንበብ ጊዜ ያገኘ ኃላፊ ካለ እንዲመጣ እለምነዋለሁ። በሰልፍ መኪና ሳይሆን፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ። ደባርቅ ሲደርስ ቢሮ ገብቶ ይመዝገብ፤ ተራው የደረሰው አስጎብኚ ይወስደዋል፤ ተራው የደረሰ ስካውት ይከተለዋል፤ በቅሎም ይጫንለታል። ማታ እሳት ዳር ይጠይቃቸው። ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ።

እኔ ደብተሩ ላይ 31ኛ ነኝ። ከእኔ በፊት ያሉት 30 ሰዎች መንገዱን አይስቱትም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የስሜን ተራሮች አስጎብኚ፣ ደባርቅ